በሬው፣ የጆሮው ወፍ እና ያልተራገፈው ቅርጫት

ተረት ልንገራችሁ?

«ንገረን፣ ጆሯችን ክፍት ነው!»

ክፍት ጆሮ ደግ ነው። ተረቱም የጆሮ ነገር ነው።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት ሁሉ መድኃኒታቸውን በአንድ መጋዘን ያስቀምጡ በነበረበት ዘመን፣ አንድ ድኩላ ነበር። ወጣት አባት ነው። የበኩር ልጁ ባለፈው በጋ ሞቶበታል። የቀረው አንድ ግልገል ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ይህንን ግልገል ምች መታው። ሰውነቱ እንደ ምድጃ ጋለ፣ ዓይኑ ቀላ፣ ጡት አልጠባ አለ።

ሚስቱ «ዳማከሴ ነው የሚያድነው» አለችው። «ፀሐይ ሳትጠልቅ ካልጠጣ ትኩሳቱ ደረቱ ውስጥ ይገባል። ደረት ከገባ ደግሞ ታውቀዋለህ።»

ያውቀዋል። የበኩሩ እንደዚያ ነበር የሞተው።

«ከገደሉ ሥር፣ ምንጩ ዳር ዳማከሴ አይጠፋም» አለች። «ከዚያ ብታመጣስ?»

«ገደሉ ሩቅ ነው። መጋዘኑ ቅርብ ነው። መጀመሪያ መጋዘኑን ልጠይቅ» አለና ሮጠ።

መጋዘኑ እንዲህ ነው። ክረምት ሲወጣ እያንዳንዱ እንስሳ ቅጠልና ሥር ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ወቅጦ ያስገባል። በጋ ሲመጣ የታመመ ይወስዳል። ጋኑ ብዙ ነው፤ የተወቀጠ ቅጠል ደግሞ ሁሉም አንድ ይመስላል። የቱ መድኃኒት በየትኛው ጋን እንዳለ የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው። እሱም ብረት ሆድ የሚባለው ኮምፒዩተር ነው። እንደ አንዳንዶቹ ቤት አያክልም፤ እንደ ሌሎቹም ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። መካከለኛ ነው። የነገሩትን አይረሳም፣ ያልነገሩትን አያውቅም። በሆዱ ያለውን ለማግኘት ግን ገብቶ የሚያመጣ ጠያቂ ያስፈልጋል።

ጠያቂዎቹ ሦስት ናቸው። አንደኛው ኤሊ ነው፤ ስሙ አባ ኩዌሪ። ሁለተኛው ጃርት ነው፤ ስሙ ጋሼ መንገድ ከፋች። ሦስተኛዋ ወፍ ናት፤ ስሟ ኤስኪውኤል። እንስሳቱ ግን ስሟ ምላስ ስለሚያስር ወፊት ይሏታል። ወፊት የምትኖረው በበሬው ጆሮ ውስጥ ነው።

የምን በሬ? ፕሮግራም የሚሉት በሬ ነዋ! አንዴ ያስተማሩትን ሥራ ዕድሜ ልኩን ሲደጋግም የሚኖር፣ በመጋዘኑ መስኮት ቆሞ ለመጣው ሁሉ መልስ የሚሰጥ በሬ።

ድኩላው በቀጥታ ወደ በሬው ሊሄድ ነበር። ብረት ሆድ ከለከለው።

«በዚህ ግቢ ሽማግሌ ሳይጠየቅ ወጣት አይጠየቅም። ሥርዓት ነው። ከኤሊው ጀምር።»

«ልጄ ታሞብኛል እኮ!»

«እግዜር ይማርልህ። ከኤሊው ጀምር።»

ድኩላው ጥርሱን ነክሶ ወደ ኤሊው ሄደ።

«እንደምን አደሩ አባ ኤሊ? ልጄን ምች መቶታል። ዳማከሴ ካለ ይጠይቁልኝ።»

«እግዜር ይመስገን፣ ደህና አድሬያለሁ። ቁጭ በል።»

«አልቀመጥም። ልጄ ታሟል።»

«የቆመም የተቀመጠም እኩል ነው የሚጠብቀኝ» አለ ኤሊው። «ይልቅ ንገረኝ፤ ምን ምን ይጻፍልህ? የጋኑ ቀለም? የመደርደሪያው ስም? ያመጣው እንስሳ? በፊደል ተራ ይደርደር ወይስ በገባበት ተራ?»

«ምንም አይጻፍልኝ! አለ ወይስ የለም፣ እሱን ብቻ ይንገሩኝ።»

«እኔ አለ የለም አልልም፣ ልጄ። እኔ ዞሬ ዞሬ በወረቀት እዘረጋልሃለሁ። አለ የለሙን አንተ ታነበዋለህ። ይኸው ስንት ዘመን ስሠራ፣ ስለ ፕሮግራም ምንም የማያውቅ እንስሳ ሳይቀር እየመጣ ይጠይቀኛል። አሳፍሬ የመለስኩት የለም።»

«አላሳፈሩም» አለ ድኩላው። «ባለፈው በጋ ግን ወረቀቱን ያመጡልኝ ልጄን ከቀበርኩት በኋላ ነው።»

ኤሊው አንገቱን ወደ ድንጋይ ልብሱ ከተተ። ከዚያ ከውስጥ ሆኖ፣ «ረጅም ወረቀት ነበር» አለ።

ድኩላው ዞሮ ሄደ። ኤሊው ግን ተጠይቋልና ጉዞውን ጀመረ። ዘጭ፣ ዘጭ፣ ዘጭ፤ ወደ ብረት ሆድ ሆድ ውስጥ።

ሁለተኛ ወደ ጃርቱ ሄደ።

«ጋሼ ጃርት፣ በእናትዎ ቶሎ ይበሉልኝ። ዳማከሴ አለ?»

«ለእኔ ቶሎ ማለት ምንም አይደለም» አለ ጃርቱ። «እንደ ሽማግሌው ወረቀት ስቦ መምጣት የለም። እኔ የማይፈለገውን ጋን በእሾህ አጥሬ ለበሬው መንገድ እከፍትለታለሁ። በሬው በከፈትኩለት መንገድ ሄዶ የሚፈለገውን ብቻ ያገኛል። አዲስ ነገር መማር አያስፈልገውም።»

«ታዲያ ይክፈቱዋ!»

«ጥያቄህን እንደ ሥርዓቱ እሰርልኛ! ከፊት እሾህ፣ ከኋላ እሾህ። ዳማከሴ የሚለው ቃል ደግሞ ለብቻው ግራና ቀኙ ይታሰራል።»

ድኩላው እሾህ ለቀመ። በሰኮና እሾህ ማሰር ምን ያህል እንደሚያስመርር የሠራ ያውቀዋል። አሰረና ሰጠ።

«ስህተት!» ብሎ ጮኸ ጃርቱ። ግቢው በሙሉ ቆመ። በሬው ማመንዠኩን አቋረጠ። ወፎች ከዛፍ ተነሡ። «ከኋላ እሾህ ጎድሏል! ስህተት! ስህተት!»

«ይሰማል፣ ይሰማል፤ አይጩሁብኝ!»

እንደገና አሰረ።

«ስህተት! የመሀሉ አልተዘጋም! ስህተት! ስህተት!»

ሦስተኛ አሰረ። አንዱ እሾህ ሰኮናው መሀል ገባ።

«ስህተት! አሁን ደግሞ በዛ!»

ድኩላው እሾሁን መሬት ላይ በተነው። «ይህንን ሁሉ ከመጮህዎ በፊት እሾሁን ራስዎ ቢያስሩት ልጄ ይድን ነበር!»

«አሳሪው አንተ፣ ጥፋተኛው እኔ?» አለ ጃርቱ። «ደግሞ እኔ ስሳሳት ያልሰማ የለም። ይህም ወግ ነው። ዝም ብሎ ከሚሳሳት ይሰውርህ!»

ይህቺን ቃል ያዙልኝ። ድኩላው አልያዛትም፤ ወደ መስኮቱ ሮጧል።

በመስኮቱ አያ ጅቦ ቀድሞታል። ጉንጩ አብጦ እንደ ቅል ሆኗል።

«አያ በሬ፣ የጥርስ መድኃኒት!» አለ ጅቡ። «አጥንት መቆርጠም አቃተኝ። ጅብ አጥንት ካልቆረጠመ ምኑን ጅብ ሆነው?»

በሬው ጆሮውን ነቅነቅ አደረገ። ወፊት ከጆሮው ውስጥ ብር ብላ ወጣች፤ ብረት ሆድ ውስጥ ገባች፤ ገና ጅቡ አፉን ሳይዘጋ ተመለሰች። በሬው ቀንድ ላይ ትንሽ ቅርጫት ተንጠልጥሏል። ወፊት በዚያ ቅርጫት ውስጥ ቀይ ጠጠር ጣለች፤ ተመልሳም ጆሮው ውስጥ ገባች።

በሬው ቅርጫቱን አየ። «ቀዩ ጋን» አለ።

«አበስኩ ገበርኩ! እንዴት ነው የፈጠነችው!» አለ ጅቡ፤ ከቀዩ ጋን ቆንጥሮ እያነከሰ ሄደ።

ድኩላው ልቡ ተመለሰ። «እመት ወፊት፣ እንግዲህ አንቺው ነሽ። ዳማከሴ!»

ከጆሮው ውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ። «ምን እንደምትፈልግ ንገረኝ እንጂ በየት እንደምሄድ አትንገረኝ። መንገዱን እኔና ብረት ሆድ እናውቃለን።»

«እሾህ አታሳስሪኝም?»

«የእኔን ንግግር በሬው ጆሮ ውስጥ ሳልገባ በፊት ብረት ሆድ በር ላይ መርምሮታል። የጎደለ ካለ ያኔ ይለያል እንጂ በሽተኛ ቆሞ እሾህ አይለቅምም።»

ብር አለች። ገባች። ተመለሰች። ጆሮው ውስጥ ገባች። በሬው ዝንብ እንደነካው ሁሉ ጆሮውን አራገፈ። ቅርጫቱን አየ።

«ቀዩ ጋን» አለ።

ድኩላው እንኳን ሊያመሰግን ሊተነፍስም ጊዜ አልነበረውም። ከቀዩ ጋን አፍሶ፣ በቅጠል ጠቅልሎ፣ በአፉ ይዞ በረረ። ቤት ሲደርስ ፀሐይ መሀል አናት ላይ ነበረች።

«አገኘሁ!»

ሚስቱ ጥቅልሉን ፈታች። አሸተተች። እንደገና አሸተተች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዳማከሴ ነዋ!»

«ይሄ የጥርስ ሥር ነው! ልጅህ ገና ጥርስ አላበቀለም። አንተ ሰውዬ፣ ጅብ ወልደናል እንዴ?»

ድኩላው ግልገሉን አየ። ግልገሉ ዓይኑን አልገለጠም። ደረቱ ብቻ ብድግ፣ ዝቅ ይላል። አባቱ ተመልሶ ሮጠ።

መስኮቱ ጋ ሲደርስ ቀንዱን ከግድግዳው ጋር አጋጨው።

«አያ በሬ! ዳማከሴ አልኩህ፣ የጅብ ጥርስ መድኃኒት ሰጠኸኝ!»

«እኔ ቅርጫቴን አየሁ» አለ በሬው። «ቅርጫቴ ውስጥ ቀይ ጠጠር ነበር። ቀዩ ጋን አልኩ። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?»

«እመት ወፊት! ነይ ውጪ!»

ወፊት ጭንቅላቷን ከጆሮው ብቅ አደረገች። «አትቆጣኝ። እኔ የለም ብያለሁ።»

«መቼ አልሽ?»

«እንደተመለስኩ። ካገኘሁ ጠጠር እጥላለሁ። ካላገኘሁ ምንም አልጥልም፤ የጆሮውን ፀጉር አንዴ ጎተት አድርጌ ምልክት እሰጠዋለሁ። ጎትቻለሁ።»

ሁሉም በሬውን አዩት። በሬው አመነዠከ። ከዚያ ማመንዠኩን አቆመ።

«ያ አንቺ ነበርሽ?» አለ። «ዝንብ መሰለኝ።»

«ዝንብ!»

«እኔ ምን ላድርግ? ከልጅነቴ ጀምሮ ከጃርት ጋር ነው የሠራሁት። ጃርት ሲያቅተው ግቢው እስኪናወጥ ይጮሃል፤ እኔም እቆማለሁ። ጩኸት ካልሰማሁ ሁሉ ደህና ነው ብዬ ነው የኖርኩት።»

«ቅርጫቱ ውስጥ የነበረው ቀይ ጠጠርስ?»

«የጅቡ ነው» አለች ወፊት። «አዲስ ስጥል አሮጌው ይወጣል። አዲስ ካልጣልኩ አሮጌው እዚያው ነው። ማራገፍ የእሱ ሥራ ነው።»

«ማንም አልነገረኝም!» አለ በሬው።

«ጆሮህ ውስጥ ነው የምኖረው! ከዚህ በላይ የት ሆኜ ልንገርህ?»

ጃርቱ ሰምቶ እየተንከባለለ መጣ። «አላልኩም? ዝም ብሎ ከሚሳሳት ይሰውርህ አላልኩም? እኔ ብሆን ኖሮ አገር ይሰማ ነበር!»

«አንተ ብትሆን ኖሮ እስካሁን እሾህ ሲያስር ይውል ነበር» አለች ወፊት። «እኔ እኮ ከሁለት መደርደሪያ የመጣውን አንድ ላይ ገጥሜ አመጣለሁ። ተበላሽቶ የተቀመጠውን እዚያው አስተካክላለሁ። ደግሞ ቋንቋዬን ከወንዝ ማዶ ያሉ መጋዘኖችም ያውቁታል። ያንተን እሾህ ከዚህ ግቢ ውጭ ማን ያውቀዋል?»

ብረት ሆድ ደግሞ ከውስጥ አጉረመረመ። «ሽማግሌውንም አትናቁት። የዓመቱ ቆጠራ ሲደርስ፣ ያለውን ሁሉ ዘርግቶ ለማየት ከኤሊ የሚሻል የለም።»

«እኔ እበልጣለሁ!» አለ ጃርቱ።

«የለም፣ እኔ!» አለች ወፊት።

«ዕድሜስ? ዕድሜ አይከበርም?» አለ ኤሊው ከብረት ሆድ ውስጥ ሆኖ።

«በቃ!» አለ ድኩላው።

እንደ ጃርቱ አልጮኸም። ድምፁ ግን ሁሉንም ዝም አሰኘ።

«የእኔ ልጅ ቤት ተኝቶ ያቃስታል። እናንተ ማን ይበልጣል ትላላችሁ። የፈጠነ ይብለጥ፣ የጮኸ ይብለጥ፣ ያረጀ ይብለጥ፤ ለእኔ አንድ ነው። ከጠዋት ጀምሮ አንድ ነገር ነው የጠየቅሁት። አያ በሬ፣ ቅርጫትህን አራግፍ።»

በሬው ቀንዱን ነቀነቀ። ቀዩ ጠጠር ወደቀ።

«ወፊት፣ ሂጂ።»

ብር አለች። ገባች። ተመለሰች። በሬው ቅርጫቱን አላየም። አንገቱን ሰበር አድርጎ ጆሮውን አቆመ።

«አገኘሽ?» አላት።

ጆሮው ላይ ያለው ፀጉር ጎተት አለ።

«የለም» አለ በሬው። ቅርጫቱን አየ፤ ባዶ ነው። «ዳማከሴ የለም፣ አያ ድኩላ። አልቋል።»

«የለም?»

«የለም።»

«እርግጥ የለም?»

«እርግጥ የለም።»

ድኩላው ትንፋሹን ለቀቀ። «ይህቺን አንዲት ቃል ጠዋት ብትሉኝ ምን ነበረበት?» አለ። መልስ አልጠበቀም። ፊቱን ወደ ገደሉ አዞረ።

ሮጠ። ወንዙን ዘለለ። ግራሩን አለፈ። የገደሉን ጫፍ ሲይዝ ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘንብላ ነበር። እሾህ የገባበት ሰኮናው ደማ። ድንጋይ ከእግሩ ሥር እየተናደ ወረደ፤ እሱም አብሮ ወረደ። ምንጩ ዳር ዳማከሴው አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል፤ ማንም አልነካውም። ማን ይነካዋል? ሁሉም መጋዘኑ ጋ ተሰልፎ ነው ያለው።

አፉ የቻለውን ያህል ነጨ። ወደ ላይ መውጣቱ ከመውረዱ ባሰ። እየወጣ ሳለ ጥላው ከፊቱ ረዘመ፤ እየረዘመም ሄደ። ጥላውን እያባረረ ሮጠ።

ቤት ሲደርስ ፀሐይ ተራራውን ነክታለች። ሚስቱ ቅጠሉን ከአፉ ተቀበለች። አሸተተች። በእግሯ ጨፈለቀች፤ ጭማቂውን በግልገሉ አፍ አንጠባጠበች። ከዚያ ሁለቱም ደረቱን እያዩ ተቀመጡ። ብድግ፣ ዝቅ። ብድግ፣ ዝቅ። አባትየው ይህንን መጠበቅ ያውቀዋል። ባለፈው በጋ እንዲህ ሲያይ ነው ዝቅ ብሎ የቀረው።

ግልገሉ አላበው። ከዚያ አስነጠሰ። ከዚያ ጭንቅላቱን አንሥቶ የእናቱን ጡት ፈለገ።

በማግስቱ ድኩላው ወደ መጋዘኑ ሄደ። በአፉ የዳማከሴ ነዶ ይዟል፤ ጋኑ ባዶ እንዳይሆን።

በሬው ከሩቅ አየው። «እንዴት ሆነ ግልገሉ?»

«ጠባ።»

«ተመስገን! ታዲያ ያን ጊዜ ጆሮዬን ባላቆም ኖሮ? አመሰግናለሁ አይባልም?»

ድኩላው ነዶውን አስቀመጠ። «አያ በሬ» አለ፣ «ባለፈው በጋም ልጅ ነበረኝ።»

በሬው ቀንዱን ወደ መሬት ደፋ።

በዚያው ቅጽበት አንዲት ሚዳቋ እያለከለከች ወደ መስኮቱ መጣች። «ጤና አዳም! ልጄን ሆዱን ቆርጦታል! ጤና አዳም ካለ!»

በሬው ማንም ሳይነግረው ቅርጫቱን አራገፈ። ወፊት ብር አለች። ተመለሰች። በሬው ጆሮውን አቁሞ «አገኘሽ?» አለ። የጆሮው ፀጉር ጎተት ሲል «የለም» አላት ሚዳቋዋን። «አዝናለሁ እናቴ፣ ጤና አዳም የለም።»

ሚዳቋዋ ልታለቅስ ነበር። ድኩላው ቀደማት።

«አታልቅሺ፤ ይልቅ ሩጪ። የለም ካለሽ ጊዜ ሰጥቶሻል ማለት ነው። ገደሉ ሥር፣ ምንጩ ዳር፣ ከዳማከሴው አጠገብ አይቻለሁ።»

ሚዳቋዋ አቧራ አስነሥታ ጠፋች።

ያኔ ከብረት ሆድ ሆድ ውስጥ ዘጭ፣ ዘጭ የሚል ተሰማ። ኤሊው ወጣ። ጅራቱ ላይ መሬት ለመሬት የሚጎተት ወረቀት አሥሯል፤ ወረቀቱ መጨረሻው አይታይም።

«አያ ድኩላ!» አለ ደስ ብሎት። «ዝርዝርህ ደረሰ! በፊደል ተራ ነው የደረደርኩልህ። ዳማከሴ ግን የለበትም።»

ድኩላው ኤሊውን አየ። ወረቀቱን አየ።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አባ ኤሊ» አለ። ወደ ልጁም ሄደ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ግቢ ፈጣን ሲላክ ዝም ብሎ የሚያምን የለም። «አገኘህ?» ይባላል፤ ቅርጫትም ቀድሞ ይራገፋል። ስለዚህ ሽማግሌዎች እንዲህ ይላሉ፦ የትናንቱን መልስ ለዛሬ በሽተኛ ከሚሰጥ፣ «የለም» የሚል ይሻላል። የለም ያለህ መንገድ አሳይቶሃል።

እኔም ቅርጫቴን አራገፍኩ፤ ሌላ ተረት የለም። የለም ካልኳችሁ የለም፤ ተነሡና ወደ ልጆቻችሁ ሂዱ።